ያ አነጋገር ከማን መንጋጋ ወጣ

ያ አነጋገር የሚዛን ተፈሪ ሰው አነጋገር አይደለም። የቤንችም፣ የሸኮም፣ የከፋም አይደለም። ተዋናዩ ለፊልሙ ሲል ሦስት ወር ጫካ ገብቶ ከገበሬ ጋር እየኖረ አጠናው የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። ከውጭ አገር ፊልም ቀድቶት ነው የሚሉት ደግሞ ብዙ ፊልም ማየታቸውን ለማሳወቅ የሚቸኩሉ ሰዎች ስለሆኑ ልተዋቸው። አነጋገሩ የአንድ ሰው ነው። የሰውየው የታች መንጋጋ በጠመንጃ ሰደፍ ተሰብሮ፣ ሳይቃና ገጠመ። ሌላ ምስጢር የለውም። ሰውየው የእናቴ ወንድም ነበር።

ፊልሙን ላላየ ሰው ልንገረው። ተዋናዩ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ሲናገር ጥርሱን አይከፍትም፤ ቃላቱ በቀኝ በኩል በከንፈሩ ጥግ ሾልከው ይወጣሉ። ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ፣ ይቆምና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ቃሏን ይጥላታል። ተመልካቹ ያቺ ዝምታ ላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። ስለዚያች ዝምታ ብዙ ተጽፏል። አንድ ሐያሲ ከሞት ጋር አገናኝቶ ሁለት ገጽ ሞልቶባታል። እኔ የማውቀው ምራቅ መሳቢያ እንደነበረች ነው። መንጋጋው ያልገጠመ ሰው ለሃጩ ይፈስበታል፤ ሰው ፊት እንዳይፈስበት ቀድሞ ይስበዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመንገድ ላይ ግድያው ቀርቶ “አሻጥር” የሚለው ቃል ግን ገና ሰው የሚበላበት ጊዜ። ቦታው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በኩል ከነበሩት የመንግሥት ቡና እርሻዎች አንዱ ነው። አጎቴ፣ ጋሼ ነበር የምለው፣ በእርሻው የቡና ማጠቢያ የማብላያ ገንዳዎቹ ኃላፊ ነበር። ያሳደገኝም እሱ ነው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በቢሮው ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ለኪነት ቡድኑ ድራማ እጽፍ ነበር። ድራማዎቼ ሁሉ አንድ ናቸው፤ አንድ አሻጥረኛ ይገባል፣ ይጋለጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ዛሬ ስለ ሥራዎቼ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ከእነሱ አልጀምርለትም።

ተዋናዩ የዚያን ጊዜ ተዋናይ አልነበረም። በችግኝ ጣቢያው ውኃ የሚያጠጣ፣ ከጅማ የመጣ እኩያዬ ነው። ኪነት ቡድኑ ውስጥ ዘፋኝ ተብሎ ተመዘገበ እንጂ አይዘፍንም፤ ድምፁ የተቀደደ ነው። የሰው አነጋገር ግን አንድ ጊዜ ሰምቶ ይወስዳል። የሒሳብ ሹሙን ወስዷል፣ የእርሻውን ሐኪም ወስዷል፣ እኔንም ወስዶኛል። የእርሻውን ካድሬ ግን አልነካም። ሞኝ አልነበረም።

አሁን ስለ ገንዳው። እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ላይ የሚያዳልጥ ልጋግ ይቀራል። ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ልጋጉ እስኪበላለት ይጠበቃል፤ ከዚያ በውኃ ይታጠባል። ቀድመህ ብትከፍተው ልጋጉ ይቀርና ቡናው ይሸታል፤ ብታዘገየው ደግሞ ይኮመጥጣል። ጋሼ የሚሠራው በዱላ ነው። ቀጥ ያለ ዱላ ከተከመረው ፍሬ መሐል ይሰድና ይነቅለዋል። ጉድጓዱ መልሶ ከተደፈነ አልደረሰም። ጉድጓዱ ተከፍቶ ከቆመ ደርሷል። ሰዓት አያይም። ሰዓት ቢያይ ኖሮ መንጋጋው አይሰበርም ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። የተያዘላቸው ዕቅድ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ገንዳው ሲከፈት፣ ውኃው ቡናውን ይዞ በቦዩ ሲወርድ፣ ሠራተኛው እየዘፈነ ሲገፋ ማየት ነበር። ዕቅዱን ያወጣው የእርሻው ካድሬ ነው። ድሮ መምህር ነበር፤ ደወል ከተደወለ ክፍል ይገባል፣ ደወል ከተደወለ ክፍል ይወጣል ብሎ የሚያምን ሰው። ቡናም በደወል የሚወጣ መስሎታል። በዚያ ላይ ሌሊቱን ዘንቦ አየሩ ቀዝቅዟል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልጋጉ ይዘገያል።

አራት ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ ጃንጥላ ተይዞላቸው ቆመዋል። ካድሬው ወደ ገንዳው መጣ።

“ጓድ፣ ክፈተው።”

ጋሼ ዱላውን ሰደደ፤ ነቀለው። ጉድጓዱ ተደፈነ።

“አልደረሰም።”

“ስንት ሰዓት ይቀረዋል?”

“እሱን ዱላው ነው የሚያውቀው።”

ቦዩ ዳር የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ጋሼ መቀለዱ አልነበረም፤ ከዚያ የተሻለ መልስ ስለሌለው ነው። ካድሬው ግን ሳቁን ሰማ። እንግዶቹም ሰሙ።

ኪነት ቡድኑ እንዲዘፍን ታዘዘ። ስለ ምርት ዕድገት ያለን አንድ ዘፈን ነበር። እሱን ዘፈንነው። ደገምነው። ዝናቡ ጨመረ። ሰለስነው። ከበሮው በዝናብ ርሶ ድምፁ እንደ ቂጣ ሊጥ ጥፍጥፍ አለ። ስድስተኛው ላይ አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን አየና ሌላ ጊዜ እንመለሳለን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሦስቱም መኪኖች ጭቃ እየረጩ ወጡ። ካድሬው ወደ በሩ ሸኛቸው፤ ራቁቱን የቆመ ሰው ይመስል ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ቆመ። ጋሼ ገንዳውን ከፈተው። ያን ያህል ጠርቶ የታጠበ ቡና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሠራተኛው በመግፊያ እየገፋ፣ ቡናው በቦዩ እየወረደ ሳለ ካድሬው ከአንድ ጠባቂ ጋር ተመለሰ። ጠመንጃውን ከጠባቂው ትከሻ አወረደና አፈሙዙን ይዞ ሰደፉን አወዛወዘው። ድምፁ የሸንበቆ መሰበር ዓይነት ነበር፤ ደረቅ። ጋሼ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ሲነሳ ደግመው ጎኑን መቱት፤ ሲወድቅ ጠባቂው በጫማው ረገጠው።

ሥራው አልቆመም። ገንዳው አንዴ ከተከፈተ ቡናው አይጠብቅም፤ ሰዎቹ በአጠገቡ እያለፉ መግፋታቸውን ቀጠሉ። እኔም ቆሜ አየሁ። ሁለት ጥርሶች ከቡናው ጋር በቦዩ እየተንከባለሉ ወረዱ። ታች ቁጭ ብላ የምትለቅመው ሴት ከፍሬው ለይታ አውጥታ ዳር አስቀመጠቻቸው። ሥራዋ ያ ነው፤ ቡና ያልሆነውን መለየት።

ጋሼን ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። እዚያ ቀድመው የገቡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ውላቸው ሳያልቅ ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ መንገድ ላይ የተያዙ ቡና ለቃሚዎች ናቸው። ውስጥ እግራቸው ስለተገረፈ በዳሌያቸው እየተንፏቀቁ ነበር የሚንቀሳቀሱት። ከአማን ከተማ ወጌሻ አስመጣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አጎቴ በቅቤ ታሸ። ወጌሻው መንጋጋውን ወደ ቦታው ሲገፋው ጋሼ በአፍንጫው ጮኸ፤ ከዚያ በነጭ ጨርቅ ከአገጩ እስከ አናቱ ጠፍሮ አሰረው። “ስድስት ሳምንት አይክፈት” ብሎ ሄደ።

ውሳኔው በማግስቱ ተነገረ። አራቱም ቅዳሜ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ ያደርጋሉ። ሠራተኛው ከተቀበላቸው ሥራ ተቀይሮላቸው ይቀራሉ። ካልተቀበላቸው ሰኞ በጭነት መኪና ወደ ጅማ ይሄዳሉ። በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ይህ የተነገረው ማክሰኞ ነበር።

ካድሬው ቢሮ ገባሁ።

“ጓድ፣ አጎቴ መናገር አይችልም። ግለ ሂሱን እኔ ጽፌ ላንብብለት።”

“ግለ ሂስ ውክልና የለውም፣ ጓድ ጸሐፊ። ከገዛ አፉ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ካልተናገረ ሰኞ መኪናው አለ።”

“ባለፈው የሸኮው ሰውዬ ሲያደርግ እኮ አስተርጓሚ ቆሞለት ነበር።”

ይህ እውነት ነው። ከሠራተኛው ግማሹ አማርኛ እንደ ልቡ አይናገርም። ስለዚህ ግለ ሂስ አድራጊው በራሱ ቋንቋ እየተናገረ፣ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሞ እየተረጎመ ነበር ስብሰባው የሚሄደው። በእኛ እርሻ የተለመደ ነው።

“አማርኛ አይችልማ ሰውዬው” አለ ካድሬው።

“አጎቴም አሁን አይችልም።”

“ከየትኛው ቋንቋ ነው የሚተረጎምለት ታዲያ?”

“ከተሰበረ አፍ።”

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። በጥፊ መታኝ፤ ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ እጁን አሻግሮ። ጆሮዬ እየጮኸ ሳለ ፈገግ ሲል አየሁት። ሐሳቡ ጥሞት ነበር።

“እሺ። አስተርጓሚ ይቁምለት። ግን እንደ እሱ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሕዝቡ መስማት ያለበት አንተን አይደለም፣ እሱን ነው። ድምፁን አምጡልኝ። ድምፁ ካልመጣ፣ አስተርጓሚውም አንተም ሰኞ መኪናው ላይ ናችሁ።”

እንግዲህ ያ አነጋገር የተፀነሰው እዚህ ነው፤ በአንድ ካድሬ ቀልድ። የጥበብ ሰዎች ስለ መነሻ ሐሳብ ሲያወሩ እሰማለሁ።

ችግኝ ጣቢያ ሄጄ የጅማውን ልጅ ለመንኩት። የውኃ ማጠጫውን እንደያዘ አዳመጠኝ።

“ቢስቁስ?” አለኝ።

“ይሳቁ።”

“አጎትህ ላይ?”

“ከጅማ ይሻላል።”

“እኔ ጅማ ነው የተወለድኩት” አለና የመኪናው ነገር ትዝ ብሎት ማጠጫውን አስቀመጠ።

በየቀኑ የምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ እንገባ ነበር። ጠባቂው ካድሬው ስለፈቀደ ይከፍትልናል። ጋሼ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጨርቁ አናቱ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ ተቋጥሮ። የሚናገረውን በፊደል ልጽፈው አልሞክርም። የሞከሩት ሰዎች ሁሉ ቀልድ ነው ያደረጉት። ምን እንዳለ ብቻ እጽፋለሁ።

“ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ” አለው ልጁ።

“ምኑን?”

“ማንኛውንም ነገር። ይናገሩ ብቻ።”

“ከዚህ ውጣ።”

“እሱም ይበቃል” አለ ልጁ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ደገመው።

እኔ የጻፍኩትን ወረቀት አነበብኩለት። ጋሼ ሰምቶ ጨረሰና ራሱን ነቀነቀ።

“አላጠፋሁም።”

“ጋሼ፣ ማጥፋትህን ማን ጠየቀህ? በል ነው የምልህ።”

“ቡናው አልደረሰም ነበር።”

“አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል።”

“አንተ ከምታውቅ፣ ለምን በል ትለኛለህ?”

ሦስቱ ለቃሚዎች ያዳምጡን ነበር። ትልቁ “አባቴ፣ እሺ በላቸው፤ እኛን በሉ የሚለን ብናገኝ በዝማሬ ነበር የምንለው” አለ። ጋሼ ወደ እሱ ዞረ። “ይበል እሱ” አለ በመጨረሻ፣ ልጁን በአገጩ ሳይሆን በዓይኑ እያመለከተ። “በእሱ አፍ ይበል። እኔ አልልም።”

ለልጁ ግን አነጋገሩ አልመጣለትም። ጥርሱን ይነክሳል እንጂ ድምፁ የእሱው ነው። ሐሙስ ዕለት ሦስት ደረቅ ቡና በግራ ጉንጩ ወትፌ፣ መንጋጋውን በገዛ ቀበቶዬ ወደ ላይ ጠፈርኩት። “ላላ አድርገው” አለኝ በምልክት። አጠበቅሁት። ጉንጩ ከፍሬዎቹ ጋር ጥርሱ መሐል ገብቶ ሲቆረጥ ደሙ በአገጩ ወረደ። በቡጢ መታኝ፤ እኔም መታሁት፤ የማዳበሪያው ብናኝ እስኪያሳውረን ድረስ ተደባደብን። ትልቁ ለቃሚ ከጥጉ ሆኖ “እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሳያዘው የሚደባደብ ሰው ሳይ ገና ዛሬ ነው” አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ጋሼም በአፍንጫው የሳቀ መሰለኝ።

ቀበቶው እንደታሰረ ልጁ ተነስቶ ደሙን ሳበና “ከዚህ ውጣ” አለኝ።

ጋሼ ነበር። ድምፁ፣ ዝምታዋ፣ ምራቅ መሳቢያዋ፣ ሁሉም። ጋሼ ራሱ የገዛ አፉ ሳያውቀው የተናገረ መስሎት ጨርቁን በእጁ ያዘ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እስከ ቅዳሜ አላናገረንም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ማድረቂያው ሜዳ ላይ ሠራተኛው ተሰበሰበ። ካድሬው ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ካድሬው “ተቀበላችሁ?” ይላል። እጁ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ “ተቀብለናል” ነው። ከተጨበጠ “አልተቀበልንም” ነው። ሕዝብ ወሰነ የሚባለው ይህ ነው።

ሦስቱ ለቃሚዎች ቀድመው ቀረቡ። ትልቁ በጉልበቱ ቆሞ፣ ልጆች እንዳሉት፣ እናቱ እንደታመመች ተናገረ። አስተርጓሚው ተረጎመ። እጁ ተጨበጠ። “አልተቀበልንም!” አልን። እኔም ብያለሁ፤ ጮክ ብዬ። ጠባቂዎቹ እዚያው በውኃ ጎማ ጀርባውን ገረፉት፤ ጎማው ሲነሳ ያፏጫል፣ ሲያርፍ ሥጋ ላይ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የፊቱ ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ደም የተረጨበትን ነጠላቸውን አጣጠፉት።

አራተኛው ጋሼ ነው። ልጁ አስተርጓሚ ሆኖ አጠገቡ ቆመ፤ ቀበቶ የለም፣ ፍሬዎቹ ግን ጉንጩ ውስጥ አሉ። ካድሬው “ጀምር” አለ። ጋሼ በተባለው መሠረት አፉን ትንሽ አንቀሳቀሰ፤ አልተናገረም። ልጁ ጀመረ።

“በንዑስ ከበርቴያዊ ግትርነት ተመርዤ፣ የሰፊውን ሕዝብ ቡና...” ቆመ። ምራቁን ሳበ። “...አዘገየሁ።”

ሰው ሁሉ ጋሼን አየ፣ ልጁን አየ፣ ደግሞ ጋሼን አየ። አንዲት ለቃሚ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ሳቁ ግን በጣቶቿ መሐል አመለጣት። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ጎማው ያፏጨው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነው፤ ሳቁ ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል፤ የቆመ ትንፋሽ መውጫ ፈልጎ። ይህን አሁን ነው የማስበው። ያን ጊዜ የማየው የካድሬውን እጅ ብቻ ነበር። እጁ ተዘርግቶ ጠረጴዛውን ይመታል። በሳቅ እንባው ወርዷል።

“ድገመው!”

ደገመው። “አሁንም!” ሰለሰው። ይህን ጊዜ ጋሼ ራሱ ተናገረ። አጠገቡ ያለን ብቻ ነን የሰማነው።

“ቡናው አልደረሰም ነበር።”

ካድሬው ሳቁን አቆመ። “ምን አለ? ተርጉም!”

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እጁን አየሁ፤ የካድሬውን እጅ። ጣቶቹ ወደ መዳፉ እየተሰበሰቡ ነበር። ልጁም አይቷል።

“‘አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ’...” ሳበ። “...ነው የሚለው” አለ፤ በጋሼ ድምፅ።

ጋሼ በቡጢ አፉን መታው። ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ፣ የተሰበረ ጎኑን ይዞ። ልጁ በጀርባው ወደቀና ሦስቱን ፍሬዎች ከደም ጋር ተፋ። ሕዝቡ ጥርስ መሰለው፤ ድራማ መሰለው፤ አንዱ አንዱን እየደገፈ ሳቀ። ካድሬው በመሐረብ ዓይኑን እየጠረገ፣ ሌላኛውን እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ “ተቀበላችሁ?” አለ።

“ተቀብለናል!”

ሰኞ ሦስቱ ለቃሚዎች መኪናው ላይ ተጫኑ። ትልቁ በሆዱ ተኝቶ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ጋሼ ወደ አረም ተዛወረ። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው ገንዳውን በሰዓት ይከፍት ነበር፤ የዚያ ዓመት ቡና ግማሹ ሸተተ፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የለም።

የጋሼ ሞት ቀረ ማለት ነው። ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ራሴን ጀግና አድርጌ እጨርስ ነበር። ግን ካድሬው ድምፁን ወዶታል። በሚቀጥለው ድራማ ያንን አሻጥረኛ አስገቡት አለ፤ እኔ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም። አማን ወሰድነው፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ እስከ ቱም ድረስ። ልጁ ብቅ ሲል ገና ሳይናገር ይጨበጨብለታል። ለዚያች ምራቅ መሳቢያ የሚመች ዓረፍተ ነገር እየመረጥኩ የምሰካለት እኔ ነኝ፤ ደህና ዓረፍተ ነገር መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው። እርሻው ላይ ስናሳይ መቅረት ስለማይቻል ጋሼ ከአረም ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ያየዋል።

ጋሼ ሲናገር ሰው ይስቅ ጀመር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ድራማው ትዝ ስለሚላቸው ነው። ገበያ ጨው ሊገዛ ሲሄድ ነጋዴዋ “ንዑስ ከበርቴ መጣ” ትለዋለች፤ በእሱው ድምፅ። ቀስ በቀስ መናገር ተወ። ጨውን በጣቱ እያሳየ ይገዛ ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን ከእኔ ጋር ነጠላ ቃል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ምንም ሳልጠይቀው “በአፌ ዋሸ” አለኝ።

“አዳነህ እኮ፣ ጋሼ።”

ምራቁን ሳበ።

“ማንን?”

ጋሼ ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ የድሮ የእርሻው ሰው፣ ሐዘንተኛውን ሊያጽናና ብሎ፣ አነጋገሩን አስመስሎ አሳየ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሳምሮ ነበር ያመጣው።

ተዋናዩን ከፊልሙ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አግኝቼው ነበር። ድምፁን ከየት እንዳመጣ ለሰው ለምን እንደማይናገር ጠየቅሁት። አፉን ከፍቶ የግራ ጉንጩን ውስጥ በጣቱ ገልጦ አሳየኝ፤ ነጭ ጠባሳ አለ። “ያጠበቅኸው አንተ ነህ” አለኝ። “የማንን ስም ልጥራ? የአጎትህን ወይስ ያንተን?” ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። እሱን አልወቅሰውም፤ እናንተም አትውቀሱት። ሙያው ሌባ መሆንን ይጠይቃል፤ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጋሼ ያሳደገኝ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በደህና አፉ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ሲቆጣኝ፣ ሲመክረኝ፣ ሲጠራኝ። ያንን ድምፅ አሁን ልስማው ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ተዋናዩ ነው። ስሜን ሲጠራኝ እንኳ ጥርሱን ገጥሞ፣ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ቆሞ፣ ምራቁን ስቦ ነው። ሌላ ድምፅ የለም። ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ስለዚህ በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ዳር ከነበሩት እርሻዎች በአንዱ ሠርታችሁ፣ ገንዳ በዱላ የሚለካ ሰው የምታስታውሱ ከሆነ፣ መንጋጋው ሳይሰበር ሲናገር የሰማችሁት ከሆነ፣ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር ንገሩኝ። ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ፈጣን ይሁን ዝግተኛ፣ ያን ብቻ። አስመስላችሁ አታሰሙኝ። ንገሩኝ።